ሦስቱ ኮዶች ተሰረዙ፤ ሰባቱስ?

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በቴሌግራም ካገኘሁት ሰው 10 የስቲም (በኢንተርኔት ጌም የሚሸጥ መደብር) ጌም ኮድ በግማሽ ዋጋ ገዛሁ። ለራሴ ነው የገዛሁት። በቴሌብር 9 ሺህ ብር ከፈልኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሦስቱ ተሰረዙ፤ ጌሞቹም ከአካውንት ላይ ጠፉ። ሻጩን ስጠይቀው ብሎክ አደረገኝ። ይባስ ብሎ የአንዱ ልጅ እናት ደውላ «ሌባ» ብላ ሰደበችኝ። ገንዘቤን እንዴት ላስመልስ? እኔስ በሕግ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ለራሴ ነው የገዛሁት ብለሃል። ታዲያ የደወለችው የማን እናት ናት? አሥር ገዛሁ ብለሃል፤ ሦስቱ መሰረዛቸውንም ነግረኸኛል። ስለ ሰባቱ ግን አንዲት ቃል የለችም።

ለመፍረድ አይደለም የምጠይቅህ። ግን ለጠበቃ ግማሹን ነግረህ ግማሹን ብታስቀር፣ የምታገኘውም ምክር ግማሽ ነው። እኔ ከኮዶቹ የተወሰኑትን ለሌሎች ሸጠሃል ብዬ ነው የምመልስልህ። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የጠየቅከውን ባጭሩ ልመልስ። ገንዘብህን የመጠየቅ መብት አለህ። ሻጭ የሸጠው ነገር ከገዢው እጅ እንዳይነጠቅ ዋስትና አለበት። ችግሩ ሰውየውን ማግኘት ነው። የቴሌብር መልእክትህ ላይ የተቀባዩ ስምና የግብይት ቁጥሩ አለ፤ እሱን ይዘህ ፖሊስ ዘንድ ማመልከት ትችላለህ። ከስቲም ግን ምንም አትጠብቅ። ከራሱ መደብር ውጪ ለተገዛ ኮድ ገንዘብ አይመልስም።

ኮዶቹ ለምን ተሰረዙ? ርካሽ ኮድ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። ጌም በየአገሩ ዋጋው ይለያያል፤ በቅናሽ ወቅት ገዝቶ አቆይቶ የሚሸጥም አለ። ሌላው መንገድ ግን ይሄ ነው። አንዱ በተሰረቀ ካርድ ኮድ ይገዛል። ኮዱን ቶሎ ብሎ በርካሽ ያራግፋል። የካርዱ ባለቤት ለባንኩ ያመለክታል፤ ባንኩም ገንዘቡን ከጌሙ ሻጭ ላይ መልሶ ይወስዳል፣ ቅጣት ጨምሮ። ያኔ ኮዱ ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የጌም ኩባንያው ዩቢሶፍት በዚህ መንገድ የወጡ የ«ፋር ክራይ 4» ኮዶችን ሰርዞ ብዙ ገዢ ባዶ እጁን ቀርቶ ነበር፤ ሥራ ላይ የዋሉትን በኋላ መለሰላቸው። ፕራግ የሚገኘው የ«ፋክቶሪዮ» ጌም ሠሪ ዉቤ ሶፍትዌር ደግሞ ኮዶቼ ተሰርቀው ተሸጡ ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጂቱኤ የተባለው የኮድ ገበያ 198 የተሰረቁ ኮዶች በገጹ መሸጣቸውን አምኖ 39,600 ዶላር ከፈለ። ዉቤ ትንሽ ድርጅት ነው። አንተ ግማሽ ዋጋ ስትከፍል ሌላውን ግማሽ የሚከፍሉት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሕጉ ባያስገድደኝም እነግርህ ነበር።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ እንምጣ። በሕግ ትጠየቅ አትጠየቅ የሚለው በአንድ ቀን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኮዶቹ የተሰረዙበትን ቀን ማለቴ ነው። ከዚያ ቀን በፊት በቅን ልቦና የገዛህ ሰው ነህ ብሎ መከራከር ይቻላል። ግማሽ ዋጋ መሆኑ ቢያጠያይቅም በቂ መልስ ይኖርሃል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አውቀሃል። ሦስቱ የተበላሹት ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ ክፍያ ከገዛሃቸው ውስጥ ነው። ስለ ቀሪዎቹ አላውቅም ማለት ይከብዳል።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ያገለገለ ስልክ የሚነግድ ልጅ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ከአንድ ሰው አራት ስልክ ገዝቷል። አንዱ የተሰረቀ ነው ብሎ ፖሊስ ወሰደበት። ልጁ ደንግጦ ሦስቱን በዚያው ሳምንት በርካሽ ሸጣቸው። «ኪሳራዬን ላካክስ ብዬ ነው» አለኝ። ክሱ ላይ የከበደበት የመጀመሪያው ስልክ አልነበረም፤ እነዚያ ሦስቱ ናቸው።

ከወንጀል የተገኘ ንብረት መሆኑን እያወቀ የሚቀበል ወይም የሚሸጥ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 የመሸሸግ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ይህን ከገዢው ደብቆ ከሸጠ ደግሞ አንቀጽ 692 የማታለል ጉዳይ አለ። የጌም ኮድ እንደ ስልክ «ንብረት» ነው ወይ የሚለው ያከራክራል። አንተ ግን የዚያ ክርክር መሞከሪያ አትሁን። በቅን ልቦና የገዛን ሰው የሚጠብቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1161ም የተጻፈው ለሚዳሰስ ዕቃ ነው፤ በእሱም ብዙ አትተማመን።

ብዙዎች «ለገዢው ሪስክ አለው ብዬ ብነግረውስ?» ይሉኛል። ይህ ከሁሉም የከፋ ነው። «ሊሰረዝ ይችላል፣ በራስህ ኃላፊነት» ብለህ በቴሌግራም ከጻፍክ ማወቅህን በገዛ እጅህ መሰከርክ ማለት ነው። ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ተመዝግቧል። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት እንዲህ ያለ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ማስረጃነቱ አይቀርም።

ስለዚህ ቀሪዎቹን አትሽጥ። በስጦታም አትስጥ። ሻጩ ብሎኩን አንስቶ «ምትክ ኮድ ልላክልህ» ቢልህ አትቀበል። ካርዱ የማን እንደሆነ አሁንም አታውቅምና።

ደንግጠህ ቻቱን እንዳታጠፋው! ስንቶቹ አጥፍተው ነው የሚመጡት። ከመሰረዙ በፊት ምን ትጠይቀው እንደነበር፣ «ኦሪጅናል ነው ወይ?» ብለኸው ከሆነ፣ ቅን ልቦናህን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። ከቴሌግራም ላይ ሙሉውን አውርደህ አስቀምጥ። የተሰረዙበትን መልእክት ስክሪንሾት አንሳ፤ ቀኑ ይታይ።

ለእናትየዋ ደውልላት። የልጇን ገንዘብ ከኪስህ መልስ፤ የተሰረዘባቸው ሌሎች ካሉም እንዲሁ። በቴሌብር መልስ፣ ማስረጃ እንዲኖርህ። ስለ ኮዶቹ አመጣጥ ግን በጽሑፍ ምንም ከመግለጽህ በፊት ጠበቃ አማክር። እኔ ያየሁት ደብዳቤህን ብቻ ነው፤ ሰነዶችህን ያየ ጠበቃ ሌላ ነገር ሊልህ ይችላል። አቅም ከሌለህ እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው።

ከመሄድህ በፊት አንድ ወረቀት ላይ አሥሩንም ኮዶች በተራ ጻፍ። ለማን፣ በስንት ብር፣ በየትኛው ቀን። ከተሰረዙ በኋላ የሸጥከው ካለም አብረህ ጻፈው። ጠበቃህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።