ሮም ሄደን ግማሹ ጊዜ በሰልፍ አለቀ

ጥያቄ፦ ባልና ሚስት ነን፤ የምንኖረው ጀርመን ነው። ፋሲካ ሰሞን ሮም 4 ቀን ሰንብተን መጣን። ከተማዋን ወደድናት፣ ግን ሰልፉ አደከመን። ኮሎሲየምን ከውጭ ዞረን አይተን ተመለስን። አንድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እኔ ትከሻዬ ተገልጦ ስለነበር አትገቢም ተባልኩ። አውቶቡስ ላይ ሁለታችንም ካርድ አስነክተን ሳለ ባለቤቴ ተቀጣ። ምሳ ላይ ደግሞ ያላዘዝነው ዳቦ ተቆጠረብን። ልንደግመው አስበናል፤ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው?

መልስ፦ የሚያናድደውን እናስቀድም። ሁለታችሁም ያስነካችሁት አንድ ካርድ ሳይሆን አይቀርም። የሮም አውቶቡስና ሜትሮ የባንክ ካርዱን ራሱን እንደ ትኬት ነው የሚያየው። መጀመሪያ ሲነካ 1.50 ዩሮ ይቆርጥና ካርዱ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። በዚያው ካርድ ሁለተኛው ሰው ሲያስነካ ማሽኑ ያው ተሳፋሪ መስመር የቀየረ ይመስለዋል፤ ይቀበላል፣ ሂሳብ ግን አይቆርጥም። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ለሁለት ሰው አንድ ትኬት ብቻ ያገኛል። ስለዚህ የየራሳችሁን ካርድ ያዙ፤ ወይም አንዳችሁ በካርድ፣ ሌላችሁ በስልክ ክፈሉ። ስልኩ ከዚያው ሂሳብ ቢቆርጥም እንደ ሌላ ካርድ ይቆጠራል። በ100 ደቂቃው ውስጥ አውቶቡስ እንደፈለጋችሁ መቀያየር ትችላላችሁ፤ ከሜትሮ ከወጣችሁ በኋላ ግን ተመልሳችሁ ሜትሮ መግባት አይቻልም። የወረቀት ትኬት ከሆነ አውቶቡሱ ውስጥ ባለው ማሽን ካልተመታ እንዳልተገዛ ነው።

የኮሎሲየም ትኬት በር ላይ ይገኛል ብሎ መሄድ ቀኑን ማባከን ነው፣ በተለይ በፋሲካ። መደበኛው 18 ዩሮ ሲሆን ሽያጩ ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ በራሱ በኮሎሲየሙ ድረ ገጽ ይከፈታል። ትኬቱ በስም ስለሆነ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ አትርሱ። አጠገቡ ያሉት የጥንቷ ሮም ፍርስራሾች፣ የሮማን ፎረምና የፓላቲን ኮረብታም፣ በዚያው ትኬት ይገባሉ፤ ፎረሙን ግን ለመጨረሻ አታቆዩት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋል። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነፃ ነው፤ ሰልፉን ስታዩ ግን ነፃነቱ ያስቆጫችኋል።

የትከሻው ነገር ቀላል ነው፦ ቦርሳ ውስጥ ነጠላ ይኑር። ትከሻና ጉልበት መሸፈኑ ግዴታ ነው፣ ለወንድም ቁምጣ አይፈቀድም። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው በነፃ ነው፤ የሚያቆየው የፍተሻው ሰልፍ ስለሆነ በማለዳ ሂዱ። ረቡዕን ግን ተዉት፤ ጳጳሱ አደባባዩ ላይ ሕዝብ ሲያገኙ ጠዋቱን ሙሉ ይዘጋል። ጉልላቱ ላይ ለመውጣት 551 ደረጃ አለ። በአሳንሰር የሄደም ቢሆን ከጣሪያው በላይ 320 ደረጃ ይቀረዋል፣ መጨረሻው ላይ ግድግዳው ከጉልላቱ ጋር አብሮ ያጎነብሳል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ከታች ይጠብቅ።

የዳቦው ሂሳብ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል። ሮም ያለችበት የላዚዮ ክልል የመቀመጫ ሂሳብ ማስከፈልን ከልክሏል፤ ዳቦ ግን ሲቀርብ ይቆጠራል። ገና ሲመጣ «ኒየንቴ ፓኔ፣ ግራትሲዬ» ብላችሁ መልሱት። የውሃም ወጪ ይቀንስላችኋል፦ መንገድ ዳር ወደ 2,500 የሚሆኑ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ቀን ከሌሊት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይወርድባቸዋል። ጎንበስ ማለት አያስፈልግም፤ የቧንቧውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ውሃው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፍ ይዘላል።

ጥያቄ፦ የአሳማ ሥጋ አንበላም፣ ዓርብና ረቡዕንም እንጾማለን። ሮም ምን እናዝዝ?

መልስ፦ ሮም የምትታወቅባቸው የፓስታ ዓይነቶች፣ ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ፣ ሦስቱም የሚሠሩት በጓንቻሌ፣ ማለትም በአሳማ ጉንጭ ነው። ሥጋው ተከትፎ ስቡ ወደ መረቁ ስለሚቀልጥ «ሥጋውን አውጡልኝ» ማለት አይሠራም። ካቾ ኤ ፔፔ የሚባለው ፓስታ ግን አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው ያለው። ለጾም ፒዛ ማሪናራ እዘዙ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት፤ አይብ የለውም። ስሙ የባሕር ቢመስልም ዓሣም የለበትም። ፔኔ አላራቢያታ የሚባለው የሚያቃጥል ፓስታ ደግሞ ቃሪያ ለለመደ ሰው ይስማማዋል፣ ግን «ሴንሳ ፎርማጆ»፣ ያለ አይብ፣ ማለት አይረሳ።

ስለ ቡና አንድ ነገር፦ ማኪያቶ ብትሉ የሚመጣው በትንሿ ስኒ ጠብታ ወተት ያረፈበት ኤስፕሬሶ ነው። የአዲስ አበባውን ማኪያቶ የሚመስለው ካፑቺኖ ነው። «ላቴ» ብቻ ካላችሁ ደግሞ ብርጭቆ ወተት ይሰጣችኋል። ቆማችሁ ጠጡ፤ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ዋጋው ሊታጠፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ማየት ይቻላል? ሌላስ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝ ነገር አለ?

መልስ፦ በሜትሮ ቢ «ቺርኮ ማሲሞ» ውረዱ፤ ከጣቢያው ስትወጡ የሚታየው ትልቅ ነጭ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1937 መጥቶ የቆመው ከፊቱ ባለው አደባባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 መነቀል ተጀምሮ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በ2008 ቆመ። ዛሬ እዚያ ያሉት ሁለት አጫጭር ጥንታዊ ዓምዶች እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አሜሪካ ላይ የደረሰው ጥቃት መታሰቢያ ናቸው፣ ከአክሱም ጋር አይገናኙም።

ከዚያ በዚያው ሜትሮ 3 ፌርማታ ሄዳችሁ ተርሚኒ፣ ዋናው የባቡር ጣቢያ፣ ውረዱ። ጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ ቦታ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የ500ዎቹ አደባባይ፣ ይባላል። 500ዎቹ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በጥቂት ደቂቃ እርምጃ፣ ወደ ፒያሳ ዴላ ሬፑብሊካ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ መናፈሻ፣ ለእነሱ የቆመ ከግብፅ የመጣ ሐውልት አለ። ሻንጣ የሚጎትተው መንገደኛ ሁሉ ሳያየው ያልፋል።