ስለ ሱቺቶቶ ጠይቁኝ

ሱቺቶቶ ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ያለች ትንሽ ጥንታዊ ከተማ ናት። የቡድናችን አባላት፣ ስለ መልክዓ ምድሯና ስለ ሕዝቧ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ የት ናት?

መ፦ ከአገሪቱ ዋና ከተማ ከሳን ሳልቫዶር ሰሜን ምሥራቅ፣ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ። አጠገቧ ጓዛፓ የሚባለው እሳተ ገሞራ አለ።

ጥ፦ ሕዝቧስ ስንት ነው?

መ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስሙ የከተማዋም የወረዳዋም ነው። የ2007 ቆጠራ ወደ 25,000 ሰው ያሳያል፤ እሱ ግን የወረዳዋ ነው። አብዛኛው የሚኖረው ገጠር ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ጥ፦ አጠገቧ ያለው ሐይቅ የተፈጥሮ ነው አይደል?

መ፦ አይደለም! ይሄን ሳልናገር አላልፍም። በ1970ዎቹ ሌምፓ ወንዝ ላይ የሴሮን ግራንዴ ግድብ ተሠራና ሸለቆውን ውሃ ዋጠው። ለም መሬት፣ መንደር፣ የጥንት ሰፈራ ፍርስራሽ፣ ሁሉም ከሥር ቀረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ተነሡ። ዛሬ ፎቶ የምናነሳው ያንን ውሃ ነው። 135 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ወፎቹ ወደውታል፤ ከ2005 ጀምሮ ረግረጎችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት የተመዘገበ ረግረግ ነው። ግን የሰው መሬት እንደነበር አትርሱ።

ሌላ አባል፦ ቆቃም እኮ እንዲሁ ነው። አዋሽ ሲገደብ ሰው ተነሥቷል።

ሌላ አባል፦ ቆቃ ግን መብራት ሰጥቶናል።

ሌላ አባል፦ ለተነሣው ገበሬ ነው መብራቱ የገባለት?

መ፦ ሴሮን ግራንዴም ለመብራት ነው የተሠራው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቆቃን ግን ለብቻው እናንሳው። እዚህ ሱቺቶቶ ላይ እንቆይ።

ጥ፦ ስለ ታሪኳ ሁሉንም ንገረን።

መ፦ እንዲህ አይጠየቅም። ለይተህ ጠይቅ።

ጥ፦ እሺ፣ የመጀመሪያዋ ዋና ከተማ እሷ ነበረች?

መ፦ አልነበረችም። ስፔኖች በ1528 ሳን ሳልቫዶርን የቆረቆሩት ከሱቺቶቶ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። በ1545 ያንን ቦታ ለቀው ከተማዋን አሁን ወዳለችበት አካባቢ አዛወሯት።

ጥ፦ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሕዝቧን ቀንሷል?

መ፦ በጣም። ከ1980 እስከ 1992 ጓዛፓ የሽምቅ ተዋጊዎች ምሽግ ነበር። የገጠሩ ሰው ተሰደደ፤ ሆንዱራስ የመጠለያ ካምፕ የገባም አለ። ጦርነቱ ሳያልቅ የተመለሱ ቤተሰቦች ግን ባዶ የቀሩትን መንደሮች እንደገና አቆሙ። ገጠሯ ዛሬ ሰው ያለው በእነሱ ነው።

ጥ፦ ሆቴል ትጠቁመኛለህ?

መ፦ ሌላ ሰው ጠይቅ።

ጥ፦ 25,000 ሰው ካላት ትልቅ ከተማ ናት ማለት ነው?

መ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። ወረዳዋ ናት።