ማሽኑ ከቆጠረ በኋላ ማይክሮስኮፕ ለምን?

ጥያቄ፦ ነጭ የደም ሴልዎ 18,000 ነው ተባልኩ። ከዚያ ደግሞ «በማይክሮስኮፕ እንየው» አሉኝ። ማሽኑን አላመኑትም ማለት ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ይሄ የተለመደ ነገር ነው። በአዋቂ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ የሚጠበቀው ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ስለሆነ የእርስዎ ከፍ ብሏል። ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አያወራም። ኢንፌክሽንም፣ የስቴሮይድ መድኃኒትም፣ ሉኪሚያም (የደም ካንሰር) ከፍ ያደርጉታል። ማሽኑም አልፎ አልፎ ይሸወዳል፤ እርስ በርስ የተጣበቁ ፕላትሌቶችን (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን ሴሎች) ወይም ኒውክለስ (የሴል እምብርት) ያላቸውን ያልበሰሉ ቀይ ሴሎች ነጭ ሴል ብሎ ሊቆጥር ይችላል።

ስለዚህ ባለሙያው አንዲት ጠብታ ደም መስታወት ላይ በስሱ ይስባል፣ ያደርቃል፣ ቀለም ይቀባል። ዋናው ወሬ እዚህ ነው! ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ ሴል ዓይነት ኒውክለስ በቀጭን ክር የተያያዘ እንክብል መስሎ ይታያል፣ ኢሲኖፊል የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በብርቱካናማ ቅንጣቶች ታጭቆ። ያልበሰሉ ነጭ ሴሎች ከታዩ ግን ነገሩ ይከብዳል፣ ፍሎው ሳይቶሜትሪ ሊታዘዝ ይችላል፤ በዚህ ምርመራ የሚያበራ ቀለም የተያያዘባቸው አንቲቦዲዎች (ከተወሰነ ዒላማ ጋር የሚጣበቁ ፕሮቲኖች) ሴሎቹ ላይ ይለጠፉና እያንዳንዱ ሴል በሌዘር ፊት ሲያልፍ ዓይነቱ ይለያል። የኤችአይቪ ታማሚዎች ሲዲ4 (ቫይረሱ የሚያጠቃው የነጭ ሴል ዓይነት) የሚቆጠረውም በዚሁ ዘዴ ነው።

ውጤቱን ሲቀበሉ «ስንት ሆነ?» ብቻ አይበሉ፣ የትኛው ዓይነት ሴል እንደጨመረም ሐኪምዎን ይጠይቁ።