የጥጃው ተቅማጥ በአንቲባዮቲክ ለምን አልቆመም?

ጅማ አጠገብ ጅሬን ያለው የ8 ቀን ጥጃዎ አንቲባዮቲክ ተወግቶም ተቅማጡ ያልቆመው ምናልባት ተቅማጡን የጀመረው ሮታቫይረስ የሚባል የአንጀት ቫይረስ ስለሆነ ነው። በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም።

ቫይረሱ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ምግብ የሚመጥጡትን ጣት መሰል ጥቃቅን ቅጥያዎች ያረግፋል። ያልተፈጨው ወተት ወደ ታች ሲወርድ ለባክቴሪያ ድግስ ይሆናል። ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያም አብሮ ከገባ፣ ጉዳቱ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ከሚያደርሰው የከፋ ነው። ለዚህ ነው መርፌው ግማሹን ችግር ብቻ የሚነካው።

ጥጃውን የሚገድለው ግን የውኃና የጨው ማለቅ ነው። ዛሬውኑ፦

1. ከፋርማሲ ኦ አር ኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ገዝተው አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ይበጥብጡ። 2 ሊትር ያህል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያጠጡት።
2. ወተት አይከልክሉት፤ ብቻ ከኦ አር ኤሱ ጋር አይደባልቁ።

አደራ፣ መጥባት ያቃተውን ጥጃ በጠርሙስ አይጋቱት። ሰፈራችን ውስጥ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ፈሳሹ ሳንባ ይገባና ከተቅማጡ ቀድሞ ይገድለዋል። እንዲህ ከደከመ በደም ሥር ፈሳሽ ስለሚያስፈልገው ሳይመሽ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።