የአባትህን ስፒከር ዉፈር ከመቀየርህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። የአባትህ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ቤዝ ሲመጣ ይንጣጣሉ፣ የግራው ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ጭራሽ ጠፍቷል፣ እጄ ላይ ያለው 4,000 ብር ነው፣ አዲስ ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣውን ትልቁን ክብ) ልግጠምበት ወይስ ለቁራሌው ልስጠው ብለሃል። እባክህ ሁለቱንም አታድርግ። እኔም እዚሁ ሀዋሳ አቶቴ ነኝ፣ ከስራ በኋላ አሮጌ ስፒከር ማስነሳት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ አምስት ጥንድ በእጄ አልፏል፣ ከነሱ አራቱ ልክ አንተ እንዳልከው ሆነው ነው የመጡት።

መጀመሪያ ዉፈር መቀየሩን እንተወው። እኔ የራሴን የመጀመሪያ ጥንድ ጥገና ቤት ወስጄ ሰውየው ቀዳዳው ልክ ነው ብሎ የመኪና ዉፈር ገጠመልኝ፣ ተጫወተ፣ ግን ቤዙ ሞተ፣ አምፑም (ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር) መጋል ጀመረ፣ ለካ የድሮው 8 ኦም ነበር አዲሱ 4፣ ኦሙ ሲያንስ አምፑ ይጨነቃል። ኦሙ ቢገጥም እንኳ ሳጥኑና ዉፈሩ አብረው ተለክተው ነው የተሰሩት። እንደ ፈረንጆቹ በ1954 ኤድጋር ቪልቹር የሚባል አሜሪካዊ ሳጥኑን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ውስጥ የታፈነውን አየር እንደ ስፕሪንግ ተጠቀመበት፣ ዉፈሩ በራሱ ልል ነው፣ ገፍቶ የሚመልሰው አየሩ ነው። ከዛ በኋላ የመጡ ብዙ ዝግ ሳጥኖች በዚህ ሀሳብ ነው የሚሰሩት፣ ቱቦ ያላቸውም ቢሆኑ ቱቦው ለዛው ዉፈር ተለክቶ ነው የተቆረጠው። በዘፈቀደ ሌላ ዉፈር ስትከትበት ይሄ ሁሉ ይበላሻል። መጀመሪያ ወደነበረበት መልሰው፣ ማሻሻሉ ከዛ በኋላ ነው።

አሁን የፊቱን ጨርቅ አውልቅና የዉፈሩን ዳር፣ ኮኑን (መሀል ላይ የሚንቀሳቀሰውን ጎድጓዳ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ) ከብረቱ ጋር የሚያያይዘውን ቀለበት፣ በጣትህ ነካ አድርገው። ከተፈረፈረ ወይም እንደ ማር ከተጣበቀብህ ፖሊዩሪታን ስፖንጅ ነው፣ እድሜ፣ ፀሐይና እርጥበት ይበሉታል፣ እኛ ደግሞ ሐይቅ ዳር ነው ያለነው። 15 ወይ 20 ዓመት ከቆየ ብዙ ጊዜ አልቆለታል። ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ግን ደህና ይሆናል፣ መንጣጣቱን ሌላ ቦታ ፈልገው። ከዛ ኮኑን በሁለት እጅህ ጣቶች ግራና ቀኙን እኩል ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋው። ያለ ድምፅ ገብቶ ከወጣ ኮይሉ፣ ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ የትም አይነካም ማለት ነው፣ ደስ ይበልህ። ክርርር የሚል ከተሰማህ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፣ ስፖንጅ ብቻ ላያድነው ይችላል።

ስፖንጁ ብቻውን ይሸጣል፣ ከአንድ አዲስ ዉፈር በጣም ይረክሳል። እኔ ሀዋሳ ውስጥ አላገኘሁም፣ የኔን ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው ያስመጣሁት፣ ክብደት ስለሌለው ማንም አይከብደውም። ግን 8 ኢንች ነው ብለህ ብቻ እንዳታዝ!! 8 ኢንች የሚባሉት ሁሉ እኩል አይደሉም። አራት ልክ ያስፈልግሃል፦ የኮኑ ዳር እስከ ዳር፣ የስፖንጁ ጉብታ የውስጥ ዳር፣ የጉብታው የውጭ ዳር፣ እና ብረቱ ላይ የሚለጠፍበት የመጨረሻው ዳር። የድሮውን በጣትህ ልጠው፣ የቀረውን ሙጫ በአልኮልና በጥጥ በትዕግስት አንሳው፣ የወረቀት ኮን ከሆነ አታርሰው። ሙጫው ላይ እኔ የተቀጣሁት ይበቃል፣ መጀመሪያ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት፣ ወዲያው ደረቀ፣ ኮኑ ትንሽ ወደ ጎን ሸሽቶ ስለነበር ኮይሉ እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ተቆረጠ፣ አጎቴ የሰጠኝ ስፒከር ነበርና እስካሁን ይቆጨኛል። ቀስ ብሎ የሚደርቅ ሙጫ ነው የምትፈልገው፣ ለወረቀት ኮን ነጩ ኮላ ይሰራል፣ ለፕላስቲክ ኮን ግን አይዝም። አንድ ቀን ስፖንጁን ከኮኑ ጋር ብቻ ለጥፈህ አሳድረው፣ በማግስቱ ከብረቱ ጋር ስትለጥፈው ከስልክህ 30 ኸርዝ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርገህ በአምፑ ልቀቅበት፣ ኮኑ እየተንቀሳቀሰ መፋቅ እስኪያቆም በጣትህ ወዲህ ወዲያ እያልክ ታስተካክለዋለህ፣ ከዛ ድምፁን አጥፍተህ ሳትነካው ይደር።

የጠፋው ቀጭን ድምፅ ብዙ ጊዜ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ) ተቃጥሎ ወይም ከሱ በፊት ሽቦው ላይ ያለው ካፓሲተር (ቤዙን አግዶ ቀጭኑን ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ) ሞቶ ነው። ቴስተር (ኦም የሚለካ መሳሪያ) ተበደርና አንድ ሽቦውን ነቅለህ ራሱን ትዊተሩን ለካው (ከውጭ ተርሚናሉ ብትለካ ካፓሲተሩ ስለሚዘጋው አይነግርህም)። 8 ኦም የተባለ ከ5.5 እስከ 7 አካባቢ ያነባል፣ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ደህና ከሆነ ካፓሲተሩን ቀይር፣ የድሮዎቹ ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት ዓይነት ከጊዜ ብዛት ይደርቃሉ። አሁን ብር የሚያድንህን ልንገርህ፣ የጣሪያ ፋን ካፓሲተር፣ ላዩ ላይ ሲቢቢ 61 የሚል፣ ፖሊፕሮፒሊን ፊልም ነው፣ ፕላስና ማይነስ የለውም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ጠይቅ። የድሮው 4.7 ማይክሮፋራድ ከሆነ 2.5 እና 2ቱን ጎን ለጎን አስረህ 4.5 ታገኛለህ፣ በጆሮ አትለየውም። ከፍ ያለ ቁጥር ካስፈለገህ የውሃ ፓምፕ ካፓሲተር አለ። ሁሌም አዲስ ግዛ፣ ሁለቱም ስፒከር ላይ አንድ ዓይነት አድርግ፣ ጥቅልል ሽቦዎቹንና ሪዚስተሮቹን አትንካ። ከዛ በኋላ ቀጭኑ ድምፅ ጆሮህን ከወጋህ 1 ኦም 5 ዋት ሪዚስተር ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ ጨምርበት፣ አዲሶቹ ካፓሲተሮች የውስጥ ሬዚስታንሳቸው አነስተኛ ስለሆነ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ሳጥኑ የተላቀቀበት መገጣጠሚያ ካለ በኮላ ድፈነው፣ ውስጡ ያለውን ሱፍ አትጣለው። የፊቱ ጨርቅ ከተቀደደ አቡጀዲ አትልበስበት፣ ድፍን ነው፣ ነጠላ የመሰለ ሳሳ ያለ ጨርቅ ይሻላል፣ አፍህ ላይ አድርገህ እፍ ስትል ትንፋሽህ በነፃ ካለፈ ይሆናል። ለሽቦ ተራው 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ይበቃል፣ ውድ ኬብል እንዳያታልሉህ። ፕላስና ማይነሱን ግን አጥራ፣ የ1.5 ቮልት ባትሪ ፕላሱን ከዉፈሩ ፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነሱ ለሰከንድ ብቻ ስታስነካው ሁለቱም ኮን ወደ ውጭ ከወጣ ልክ ነው፣ አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል። ትዊተር ላይ ባትሪ አታስነካ።

እና ሳትከፍል የምታገኘው ትልቁ ማሻሻያ ከወለል ማንሳት ነው። እያንዳንዱን ብሎኬት ላይ አስቀምጠው፣ ትዊተሩ ስትቀመጥ ጆሮህ አካባቢ ይሁን፣ ከግድግዳው ሁለት ሦስት ስንዝር አርቀው። የኔ እናት ሳሎን ውስጥ እንደዛ ሳደርገው እሷ ራሷ የክራሩ ድምፅ ተለየልኝ አለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አምፑን ወዲያው አጥፋው፣ ተመልሶ ሲመጣ ያ ዱብ የሚለው ነገር ለአዲሱ ስፖንጅ አይበጅም።

ምንም ሳታዝ ጨርቁን አውልቀህ የዉፈሩን ፊትና የጀርባውን ጽሁፍ ፎቶ አንሳና እዚህ ስር ለጥፈው፣ አራቱንም ልክ በሴንቲ ጻፍልኝ። ቴስተር ካጣህ የኔን እሰጥሃለሁ።