ገና፣ ግድያና የአሚሾች ማዕድ፦ ልቦለድ ለሚጽፉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የወንጀል ልቦለድ በማረም ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ረቂቅ ስትልኩልኝ ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ሰሞኑን፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁት፣ አንድ ዓይነት ታሪክ ወዳችኋል። የገና ሰሞን ነው። መኪናና ዘመናዊ ኑሮን ትተው በጋሪ የሚሄዱት፣ አሚሽ የሚባሉት ክርስቲያኖች መንደር በረዶ ለብሷል። ሰው ይገደላል። ገዳዩን የሚደርስበት ፖሊሱ ሳይሆን ዳቦ ጋጋሪዋ ወይም አዋላጇ ናት። ደም ብዙም አይታይም። ሥራ ውሎ የደከመው ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የሚያነበው ዓይነት ነው። እኔም እወደዋለሁ። ለአንባቢ ቀለለ ማለት ግን ለጸሐፊው ቀላል ነው ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አሚሾችን ለጌጥ አታምጧቸው። ቆቡንና የፈረስ ጋሪውን ብናወጣ ታሪኩ ምንም ሳይነካው የሚቀጥል ከሆነ፣ መንደሩ ባዶ ነው ማለት ነው። ፍንጩ ከአኗኗራቸው ይውጣ።

አኗኗራቸውን ለማወቅ ደግሞ ከታሪካቸው ጀምሩ። በ1693 በፈረንጆች አቆጣጠር ያኮብ አማን የሚባል ሰው በስዊዘርላንድና በአልሳስ ከነበሩት አናባፕቲስቶች፣ ሕፃን ሳይሆን አዋቂ ነው የሚጠመቀው ከሚሉት ክርስቲያኖች፣ ተለየ። ተከታዮቹ በስሙ አሚሽ ተባሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፔንስልቬንያ መሻገር ጀመሩ። ዛሬ ከ350 ሺህ በላይ ናቸው። ትልልቆቹ ሰፈሮቻቸው በፔንስልቬንያ ላንካስተርና በኦሃዮ ሆምስ አካባቢ ናቸው። ኮሎምበስ ያላችሁ ልጆች፣ ሆምስ እኮ ጎረቤታችሁ ነው። በአንድ ቀን ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። ለእኛም ፍጹም ባዕድ አይደሉም። አገራችን መጥተው የሠሩት፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከሥራቸው የበቀለችው፣ ሜኖናይት የሚባሉት ክርስቲያኖች ከዚያው ከአናባፕቲስት ሥር የመጡ ዘመዶቻቸው ናቸው።

ገናቸው ጸጥ ያለ ነው። በመብራት ያሸበረቀ ዛፍ አትጻፉ። የገና አባትም አታምጡ። ትልቁ ዝግጅት የትምህርት ቤቱ ነው። በአንዲት ክፍል ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ግጥም ይላሉ፣ ይዘምራሉ። ወላጅና ጎረቤት ተጨናንቆ ይቀመጣል። ተጠርጣሪዎቻችሁን ሁሉ አንድ ቤት መሰብሰብ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። አንዳንዶቹ ደግሞ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 6፣ ማለትም በእኛ የገና ዋዜማ፣ አሮጌውን ገና ያከብራሉ። ጠዋቱን ይጾማሉ፣ ከዚያ ማዕድ ይቀርባል። ጾሞ መፈሰክን ለምናውቅ ለእኛ ይህን ምዕራፍ መጻፍ አይከብደንም።

ትንንሽ ፍንጮች ሞልተዋል። ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ስልክ የለም። መንገድ ዳር ባለች ጎጆ አንድ ስልክ ይጋራሉ። ለአንዱ የተተወ መልእክት ሌላው ጆሮ ይገባል። መኪና አይነዱም፣ ሩቅ ሲሄዱ ግን ሾፌር ከነመኪናው ይከራያሉ። ያ ሾፌር ማን መቼ የት እንደሄደ ያውቃል። ያገባ ወንድ ጺሙን ያሳድጋል፣ ሪዙን ግን ይላጫል። ስለዚህ ሪዝ ያለው «አሚሽ» ታሪካችሁ ውስጥ ከገባ፣ ሰውየው ሌላ ነው።

እኔን የሚማርከኝ ግን ማዕዱ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው የምታጠምቀው ሰው አድጎ፣ ራሱ ወስኖ ሲመጣ ነው። ተጠምቆ ቃል ከገባ በኋላ ጥሎ የወጣ ይወገዛል። ጠበቅ ባሉት ማኅበረሰቦች ዘንድ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ማዕድ አይቆርስም፣ ለብቻው ይቀርብለታል። ሳይጠመቅ የወጣ ግን አልተወገዘም። ከሁሉም ጋር ይበላል። ብዙ የውጭ ሰው ይህን ልዩነት አያውቅም።

እስቲ አስቡት። ሁለት ወንድማማቾች ለገና እናታቸው ቤት ይመጣሉ። ሁለቱም ጂንስ ለብሰዋል። ታላቁ ተጠምቆ የወጣ ነው፣ ታናሹ ሳይጠመቅ። ገዳዩ የሚፈልገው ታናሹን ነው። ታላቁ እንደሚመጣ አልሰማም። «የወጣ ሰው ለብቻው ነው የሚበላው» ሲባል ግን ሰምቷል። መርዙን ለብቻው የተቀመጠው ሳህን ላይ ያደርጋል። ታላቁ ይሞታል። ሸሪፉ፣ ማለትም የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ የታላቁን ጠላቶች ሲያሳድድ ይከርማል። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን «ይህን ያደረገ ሰው የእኛን ማዕድ አያውቅም» ትላለች። ይኼኔ የመንደሩ ሰው ሁሉ ከጥርጣሬ ይወጣል። ሊገደል የታሰበው ማን እንደነበረም ይታወቃል። እንዲህ ያለ ታሪክ ከአሚሾች መንደር ውጭ ሊጻፍ አይችልም።

ሌላው ከባድ ነገር ይቅርታ ነው። ኦክቶበር 2 ቀን 2006 በላንካስተር፣ ኒክል ማይንስ በምትባል ሰፈር፣ አንድ የታጠቀ ሰው የአሚሾች ትምህርት ቤት ገብቶ 10 ልጃገረዶች ላይ ተኮሰ። 5ቱ ሞቱ። እሱም ራሱን ገደለ። አሚሾቹ በዚያው ቀን የገዳዩን ቤተሰብ ሊያጽናኑ ሄዱ። ቀብሩም ላይ ተገኙ። ያን ቀን ለሴራ አትጠቀሙበት፣ የወላጅ ሐዘን ነው። ግን አጥኑት። የእናንተ ታሪክ ውስጥ ያለችው የሟች ሚስት፣ ባሏ ገና ሳይቀበር፣ ምግብ ይዛ ወደ ተጠርጣሪው እናት ቤት ልትሄድ ትችላለች። ሸሪፉ «ምን ደብቃ ነው?» ብሎ ይጠረጥራታል። አንባቢም ይጠረጥራታል። ቶሎ አታብራሩለት። ይቅር አለች ማለት አላዘነችም ማለት አይደለም። ሌሊት ብቻዋን ስትሆን ጻፏት።

ስለ እነሱ የፈለጋችሁትን ብትጽፉ ፍርድ ቤት አያቆሟችሁም፤ መካሰስን እምነታቸው አይደግፍም። ቴሌቪዥን ላይ ወጥተውም አይመልሱላችሁም። ስለዚህ ሞኝ አድርጋችሁ አትሳሏቸው፣ መልአክም አታድርጓቸው። ቂም የሚይዝ፣ በመሬት የሚጣላ፣ በፍቅር የሚቃጠል ሰው እነሱም ዘንድ አለ።

የፍርድ ቤት ምዕራፍ ካላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ አሚሽ አይምልም። ወንጌል «አትማሉ» ያለውን እንደተጻፈ ነው የሚወስዱት። የአሜሪካ ሕግ በመሐላ ፋንታ «እውነቱን እናገራለሁ» ብሎ ማረጋገጥን ይፈቅዳል። ዳቦ ጋጋሪዋን እጇን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አታስጭኗት። ረቂቁን ስትጨርሱ ላኩልኝ፣ እስክርቢቶዬን ይዤ እጠብቃለሁ።