ከሰል መሬት ሥር ተቃጥሎ ጋዝ ቢወጣ የጉድጓድ ውሃችን ምን ይሆናል?

እህታችን የጠየቅሽው ከሰሉን ሳያወጡ እዚያው መሬት ሥር አቃጥሎ ጋዝ የማምረት ዘዴ ጭልጋ ላይ ቢሞከር የጣና ዙሪያ ጉድጓዶች ይጎዱ እንደሆነ፣ ሌላ አገር ሕዝቡ ለምን እንደተቃወመም ነው።

በአንድ ጉድጓድ አየር ወይም ኦክስጅን ይገባል፣ ከሰሉ ይለኮሳል፣ ጋዙ በሌላ ጉድጓድ ይወጣል። የተቃጠለው ቦታ ዋሻ ሆኖ ይቀራል፤ በውስጡም ፌኖል፣ አሞኒያና ካንሰር አምጪው ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ አይደለም) ይከማቻሉ።

ዋናው ነገር ግፊት ነው። ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች በየ10 ሜትሩ ወደ 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይጨምራል። ከሰሉ ከውሃው ወለል 150 ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ የውሃው ግፊት 15 ባር ገደማ ነው። የዋሻው ግፊት ከዚያ በታች እስከተያዘ ድረስ ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ መርዙ አይወጣም። ግፊቱ ካለፈ፣ የዋሻው ጣሪያ ከተሰነጠቀ ወይም በኬዚንጉ (ጉድጓዱ ውስጥ በሚገባው ቧንቧ) ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ ከለቀቀ ግን መርዙ መውጫ ያገኛል። «ጥልቅ ስለሆነ አያሰጋም» የሚለው መልስ ስለዚህ ምንም አይመልስም።

በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ ቺንቺላ ላይ በዚህ ዘዴ የሠራው ሊንክ ኢነርጂ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከባድ የአካባቢ ጉዳት በማድረስ ጥፋተኛ ተብሎ 4.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጥቷል። ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ መሬት ላይም ከ2 ሜትር በታች መቆፈር ተገድቦ ነበር። እዚያው ግዛት ኪንጋሮይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ሙከራው ብዙም ሳይቆይ ቤንዚን በውሃ ውስጥ በመገኘቱ ቆመ። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ዘዴውን ከለከለ፤ ስኮትላንድም በዚያው ዓመት እንደማትደግፈው አሳወቀች።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የጭልጋው ጓንግ ወንዝ የሚፈሰው ወደ ጣና ሳይሆን ወደ አትባራ ወንዝ ነው። ስለዚህ ጣና ወዲያው ይመረዛል የሚለውን አልቀበልም። ነገር ግን የከርሰ ምድር ውሃ ሁልጊዜ የወንዙን አቅጣጫ አይከተልም። በተሰነጣጠቀ ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ) ውስጥ ደግሞ ውሃ በስንጥቁ እየሾለከ በፍጥነት ሊርቅ ይችላል። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው የጭልጋ ገበሬ መሆኑም ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

እሳቱ ከመለኮሱ በፊት የሚጠየቀው የጉድጓዶቹ ውሃ የመነሻ ምርመራ ነው፤ ያለ እሱ ኋላ «ድሮም ነበረ» ይባላል። ቢያንስ ለአንድ ዓመት፣ ግንቦት ላይ ውሃ ሲጎድልና ጥቅምት ላይ ሲሞላ፣ የውሃው ከፍታ ተለክቶ ናሙና ይወሰድ። የቆመ ውሃ ስለሚያሳስት ጉድጓዱ ውስጥ ካለው ሦስት እጥፍ ቀድሞ ይቀዳ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሜትር ውሃ ላለው ጉድጓድ ይህ 80 የ20 ሊትር ጀሪካን ያህል ነው። የቤንዚን ናሙና 40 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ቡናማ ጠርሙስ፣ አረፋ ሳይቀር እስከ አፉ ተሞልቶ፣ በበረዶ ሣጥን ይጓዝ። ጄኔሬተር አጠገብ አይቀዳ፣ የነዳጅ ጀሪካን በጫነ መኪናም አይጫን፤ ውጤቱ ይበላሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቤንዚን ወሰን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ላቦራቶሪው ከዚያ በታች መለካት መቻሉን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92(3) በቀጥታ የሚመለከተው ሕዝብ እንዲመክርበት ይፈቅዳል። ስብሰባ ከተጠራ የዋሻው የግፊት መዝገብ በየቀኑ ለቀበሌው እንዲደርስ፣ ከተዘጋ በኋላም ክትትሉን ማን እንደሚከፍል በቃለ ጉባኤ አስጽፉ።